የሰርቨር ኮንፊግ ፋይሎችን በጊት መያዝ፦ ከተከላ እስከ መመለስ

ሰርቨር ሲወድቅ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ያው ነው፦ «ምን ተቀየረ?» መልሱም ያው ነው፦ «ማንም ምንም አልነካም።» ከዚያ ፍለጋው ይጀመራል። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ሰው ባለፈው ሳምንት አንዲት መስመር ነክቶ እንደነበር ትዝ ይለዋል። ወይም ሌሊት ላይ የተጫነ አፕዴት ፋይል ቀይሮ ይገኛል።

የዌብ ሰርቨሩን የኤንጂንኤክስን ፎልደር ስትከፍቱ ደግሞ «ኤንጂንኤክስ.ኮንፍ.ባክ»፣ «ኤንጂንኤክስ.ኮንፍ.ኦልድ» እና «ኤንጂንኤክስ.ኮንፍ.ፋይናል» ተደርድረው ይጠብቋችኋል። ይሠራ የነበረው የትኛው ነው? ማን አስቀመጠው? ለምን? ፋይሎቹ ይህን አይናገሩም።

እዚህ የማሳያችሁ የሊነክስ ኮንፊግ ፋይሎች (የፕሮግራሞች ማስተካከያዎች) የሚቀመጡበትን «/ኢቲሲ» ፎልደር እንዴት በጊት፣ ማለትም የፋይል ለውጥን ከነታሪኩ በሚመዘግበው ፕሮግራም፣ ስር እንደምታስገቡ ነው። ጊትን መጫኑ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ማሽኑ በራሱ የሚቀይረውና እናንተ አስባችሁበት የምትቀይሩት እንዳይደባለቁ ማድረግ ነው። ከተደባለቁ ታሪክ አለን ማለት ከንቱ ነው፤ የፈለጋችሁትን ከግርግሩ መሃል አታገኙትም።

ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ ጽፌያቸዋለሁ፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል አስገቧቸው።

1. ምን ይገባል፣ ምን ይቀራል

«/ኢቲሲ» ውስጥ ያለው አብዛኛው ነገር ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ለጊት ይመቻል። ከርቀት የሚገባበት የኤስኤስኤች ኮንፊግ፣ ዌብ ሰርቨሩ፣ ዲስኮች የሚማውንቱበት «ኤፍኤስታብ»፣ ራሳችሁ የጻፋችኋቸው የሲስተምዲ ዩኒቶች (ሰርቪሶችን የሚያስነሱ ፋይሎች)፣ ሁሉም እዚያ ናቸው።

የሚረሱት ከ«/ኢቲሲ» ውጭ ያሉት ናቸው። «ክሮንታብ -ኢ» ብላችሁ የምትጽፉት የተጠቃሚ ክሮን (በሰዓቱ በራሱ የሚሮጥ ሥራ) የሚቀመጠው «/ቫር/ስፑል/ክሮን» ስር ነው። ስለዚህ ጊቱ አያየውም። የሰርቨሩ ሥራ የሆኑ ክሮኖችን «/ኢቲሲ/ክሮን.ዲ» ውስጥ እንደ ፋይል አስቀምጧቸው። እዚያ ስታዛውሯቸው ከሰዓቱ ቀጥሎ የተጠቃሚውን ስም መጨመር እንዳትረሱ፤ ያለ እሱ መስመሩ አይሠራም። «/ዩኤስአር/ሎካል/ቢን» ውስጥ ለምትጽፏቸው ስክሪፕቶች ደግሞ የራሳቸው ሪፖ (የጊት ማከማቻ) ክፈቱላቸው።

2. ተከላ

«/ኢቲሲ» ገብቶ «ጊት ኢኒት» ማለት ይቻላል፣ ብዙ ሰውም እንደዚያ ያደርጋል። እኔ አልመክረውም። ጊት የፋይል ባለቤትን አይመዘግብም። ከፐርሚሽንም (ማን ምን ማድረግ እንደሚችል ከሚለው ፈቃድ) የሚይዘው ፋይሉ የሚሮጥ መሆን አለመሆኑን ብቻ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 ሲሠራው ለሊነክስ ከርነል ሶርስ ኮድ ነበር፤ ለሶርስ ኮድ ያ ይበቃል። ለ«/ኢቲሲ» ግን አይበቃም። እዚህ የአንድ ፋይል ባለቤት ማን ነው፣ ማንስ ሊያነበው ይችላል የሚለው ራሱ የኮንፊጉ አካል ነው።

ይህን ክፍተት የሚሞላው ኢቲሲኪፐር ነው። የዴቢያን ሰው የነበረው ጆይ ሄስ በ2007 የጀመረው ትንሽ መሣሪያ ነው። ሁለት ነገር ይጨምራል። አንደኛ፣ የእያንዳንዱን ፋይል ባለቤትና ፐርሚሽን «.ኢቲሲኪፐር» በሚባል ፋይል ውስጥ ይጽፋል፤ ያም ፋይል አብሮ ኮሚት ይደረጋል፣ ማለትም ታሪኩ ውስጥ ይመዘገባል። ሁለተኛ፣ ከፓኬጅ ማኔጀሩ ጋር ይያያዛል። ፓኬጅ ስትጭኑ ወይም አፕግሬድ ስታደርጉ «/ኢቲሲ» ላይ የተለወጠውን ራሱ ኮሚት ያደርጋል። የኮሚቱ መልእክት ውስጥም የትኞቹ ፓኬጆች እንደተለወጡ ይዘረዝራል።

ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ ላይ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኢቲሲኪፐር» በሉ፤ «ሱዶ» ትዕዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስኬዳል። ሪፖውን ከፍቶ የመጀመሪያውን ኮሚት ራሱ ያደርጋል። ፌዶራ ላይ በ«ዲኤንኤፍ» ትጭኑታላችሁ፤ ሬድ ሃትና ዘመዶቹ ላይ መጀመሪያ ኤፔል የተባለውን ተጨማሪ ሪፖዚተሪ መክፈት ያስፈልጋል። እዚያ «ሱዶ ኢቲሲኪፐር ኢኒት»፣ ቀጥሎ «ሱዶ ኢቲሲኪፐር ኮሚት» ብላችሁ መልእክቱን በጥቅስ ውስጥ ትሰጣላችሁ።

መግባቱን ለማየት «ሱዶ ኢቲሲኪፐር ቪሲኤስ ሎግ» በሉ። «ቪሲኤስ» ከሚለው ቀጥሎ የትኛውንም የጊት ትዕዛዝ መጻፍ ትችላላችሁ፤ የትም ፎልደር ብትሆኑ «/ኢቲሲ» ላይ ይሠራል። ያለ ሱዶ ብትሞክሩት እምቢ ይላል። ይህ ብልሽት አይደለም። «.ጊት» ፎልደሩ ለሩት (ለዋናው አስተዳዳሪ) ብቻ የተከፈተ ነው፣ እንዲያም መሆን አለበት።

አንድ ነገር እዚህ ላይ፦ ቡድኑ በሙሉ በሩት የሚገባ ከሆነ ሁሉም ኮሚት በሩት ስም ይመዘገባል፤ ማን እንደነካ አይታወቅም። እያንዳንዱ ሰው በራሱ አካውንት ገብቶ በሱዶ ሲሠራ ግን ኢቲሲኪፐር የሱዶ ተጠቃሚውን ስም አይቶ ኮሚቱን በእሱ ስም ያደርገዋል። ለዚህ ብቻ እንኳ ሲባል በሩት መግባትን መተው ያዋጣል።

3. ጫጫታውን መቀነስ

«/ኢቲሲ» ውስጥ ሰው ሳይነካቸው የሚለዋወጡ ፋይሎች አሉ። ኢቲሲኪፐር የታወቁትን «.ጊትኢግኖር» ውስጥ አስቀድሞ ያስገባል። ከእነዚህ መካከል «ኤልዲ.ኤስኦ.ካሽ» እና «ኤምታብ» ይገኛሉ። ፋይሉን ስትከፍቱ በኢቲሲኪፐር የሚተዳደር ክፍል መሆኑን የሚናገር መስመር ታያላችሁ። የራሳችሁን ከዚያ ክፍል ማብቂያ በታች ጻፉ። ውስጡ ከጻፋችሁት ሊጠፋባችሁ ይችላል።

ጫጫታ የሚያበዛው የትኛው እንደሆነ ከመጀመሪያው መገመት አይቻልም። ለጥቂት ቀናት ተዉትና ሎጉን እዩ። በየቀኑ ብቅ የሚል ፋይል ካለ እሱን ጨምሩ። አስቀድሞ ኮሚት የተደረገን ፋይል ኢግኖር ውስጥ መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ ጊት መከታተሉን ይቀጥላል። «ጊት አርኤም --ካሽድ» ብላችሁ ፋይሉን ከክትትል አውጡት። «--ካሽድ» የሚለው እንዳያመልጣችሁ። እሱ ከቀረ ትዕዛዙ ፋይሉን ከዲስኩም ያጠፋዋል። «/ኢቲሲ» ላይ ይህ ትልቅ ጣጣ ነው።

4. የየቀኑ አሠራር

ፋይል ከመክፈታችሁ በፊት «ሱዶ ኢቲሲኪፐር ቪሲኤስ ስታተስ» በሉ። ንጹሕ ከሆነ እሰየው። ካልሆነ ከእናንተ በፊት የሆነ ሰው ወይም ፕሮግራም ነክቶ ትቶታል። የሌላውን ለውጥ ለብቻው ኮሚት አድርጉና ወደ ሥራችሁ ግቡ። ይህችን ትንሽ ነገር የሚዘልል ሰው ነው በኋላ የማያውቀውን መስመር በራሱ ስም ኮሚት አድርጎ የሚገኘው።

ከዚያ ቀይሩ። ከቀየራችሁ በኋላ ኮሚት ከማድረጋችሁ በፊት ፕሮግራሙ ራሱ ፋይሉን እንዲመረምር አድርጉ። ለዌብ ሰርቨሩ «ኤንጂንኤክስ -ቲ» አለ። ለኤስኤስኤች «ኤስኤስኤችዲ -ቲ»፣ ለሱዶ «ቪሱዶ -ሲ» አሉ። ሰርቪሱን ሪሎድ አድርጉና መሥራቱን አረጋግጡ። ኮሚቱ ከዚህ በኋላ ይምጣ። የማይሠራ ኮንፊግ ኮሚት ካደረጋችሁ በኋላ ወደ ኋላ ስትመለሱ የትኛው ደህና እንደነበር መለየት ያቅታችኋል።

ኮሚት ከማድረጋችሁ በፊት «ዲፍ» (የተለወጡትን መስመሮች) እዩ። አንዲት መስመር ለውጣችሁ ዲፉ አርባ መስመር ካሳየ ኤዲተራችሁ ስፔሱን ወይም የመስመር ማብቂያውን ቀይሯል ማለት ነው። አስተካክሉት።

አሁን መልእክቱ። ሰው የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው። «ኤንጂንኤክስ ተስተካከለ» የሚል መልእክት ምንም አይነግርም። ምን እንደተለወጠ ዲፉ ያሳያል፤ መልእክቱ የሚያስፈልገው ለምን እንደተለወጠ ለመናገር ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ኤንጂንኤክስ ምንም ካልነገራችሁት ከ1 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል ሲላክለት አይቀበልም፤ 413 የሚል ስህተት ይመልሳል። ይህን ለማስተካከል ገደቡን ወደ 20 ሜጋባይት አነሳችሁት እንበል። መልእክቱ እንዲህ ይሁን፦

«የፎቶ መጫኛው ገጽ 413 እየመለሰ ስለነበር የፋይል መጠን ገደቡ ወደ 20 ሜጋባይት ከፍ ብሏል። አፕሊኬሽኑ ራሱ ከ20 በላይ አይቀበልም።»

ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ወርቅ ናት። ከዓመት በኋላ አንድ ሰው «ለምን 20? ለምን 100 አናደርገውም?» ሲል መልሱ እዚያው አለ።

አንድ ኮሚት አንድ ጉዳይ ይያዝ። የፋየርዎል ለውጥና የሰዓት ዞን ለውጥ አንድ ላይ ከገቡ አንዱን ብቻ መመለስ ስትፈልጉ ጭንቅ ይሆናል። «ኢቲሲኪፐር ኮሚት» ያገኘውን ሁሉ ጠቅልሎ እንደሚያስገባ ልብ በሉ። መለየት ከፈለጋችሁ በ«ቪሲኤስ አድ» እና በ«ቪሲኤስ ኮሚት» ፋይል በፋይል ሥሩ።

5. አውቶማቲክ ኮሚቱን መግራት

ኢቲሲኪፐር ሳይነገረው ሁለት ነገር ያደርጋል። በየቀኑ አንድ ጊዜ ያልተመዘገበ ለውጥ ካለ በራሱ ኮሚት ያደርጋል። ፓኬጅ ከመጫኑ በፊትም እንደዚያው። ሁለቱም የሚቀየሩት «/ኢቲሲ/ኢቲሲኪፐር/ኢቲሲኪፐር.ኮንፍ» ውስጥ ነው።

የየቀኑን ተዉት እላለሁ። ሰው ይረሳል፤ የተረሳውን የሚይዝ መረብ ይኑር። ከዚያ ይልቅ ሎጉ ላይ የየቀኑ አውቶማቲክ ኮሚት ሲበዛ አይታችሁ «ማነው ሳይመዘግብ የሚተወው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ፓኬጅ ከመጫኑ በፊት ያለው ትንሽ ያከራክራል። «አቮይድ ኮሚት ቢፎር ኢንስቶል» የሚለውን መስመር ከፍታችሁ 1 ብታደርጉት፣ ያልተመዘገበ ለውጥ ባለበት መጫን ይከለከላል፤ መጀመሪያ በእጃችሁ ኮሚት ማድረግ ግድ ይሆናል። በዲሲፕሊን ረገድ ጥሩ ነው። ነገር ግን አውቶማቲክ የሴኩሪቲ አፕዴት የምትጠቀሙ ከሆነ ተጠንቀቁ። አንድ ሰው ፋይል ነክቶ ኮሚት ሳያደርግ ቢሄድ የዚያ ሌሊት አፕዴት ሳይጫን ያድራል። እንዲህ ዓይነት ሰርቨር ላይ እኔ አልከፍተውም።

6. ሚስጥሮች

ብዙ ሰው ይህን ክፍል የሚያነበው ከረፈደ በኋላ ነው። «/ኢቲሲ» ውስጥ «ሻዶው» አለ፤ የሁሉም ተጠቃሚ ፓስዎርድ ሃሽ የያዘ ፋይል። የኤስኤስኤች የሰርቨር ቁልፎች አሉ። የሰርተፊኬት ፕራይቬት ቁልፎች አሉ። ኔትወርክ ማኔጀር ያለበት ማሽን ላይ የዋይፋይ ፓስዎርድ ሳይቀር አለ። ኢቲሲኪፐር እነዚህንም ይመዘግባል። ሪፖው እዚያው ማሽን ላይ ለሩት ብቻ ተከፍቶ እስካለ ድረስ አዲስ አደጋ አልተፈጠረም። ችግሩ የሚመጣው ፑሽ ስታደርጉ፣ ማለትም ታሪኩን ወደ ሌላ ማሽን ስትልኩ ነው።

ፑሽ ማድረግ ደግሞ ያስፈልጋል። «.ጊት» ያለው ከፋይሎቹ ጋር አንድ ዲስክ ላይ ነው፤ ዲስኩ ሲሞት ታሪኩም አብሮ ይሞታል። ስለዚህ ሁለት ምርጫ አላችሁ። አንዱ፣ ሚስጥሮቹን እንዳሉ ይዞ ራሳችሁ በምታስተዳድሩትና ጥቂት ሰው ብቻ በሚገባበት ሰርቨር ላይ ፑሽ ማድረግ። ሁለተኛው፣ ሚስጥሮቹን ከክትትል አውጥቶ ለእነሱ ሌላ የተመሰጠረ ባካፕ መያዝ። ማሽኑ አንድ ብቻ ከሆነ የመጀመሪያው ይቀላል። ኮዱን የሚያየው ሰው ከበዛ ግን ሁለተኛውን ያዙ። በሕዝብ ፊት የተከፈተ ሪፖ ላይ የ«/ኢቲሲ» ታሪክን ማስቀመጥ በምንም መልኩ አይታሰብ።

ሁለተኛውን ከመረጣችሁ «ሻዶው»ን ብቻ ሳይሆን መጨረሻው ላይ ሰረዝ ያለበትን ቅጂውንም አውጡ። «ጂሻዶው»ም እንዲሁ። ደግሞም ይህን አትርሱ፦ ዛሬ ኢግኖር ማድረግ ትናንት የገባውን አያጠፋም። ሚስጥሩ በድሮ ኮሚቶች ውስጥ አለ። ታሪኩ ገና አጭር ከሆነ ሪፖውን አጥፍቶ ከአዲስ መጀመር ይቀላል። ረጅም ከሆነ «ጊት ፊልተር-ሪፖ» የተባለው መሣሪያ ፋይሉን ከሁሉም ኮሚት ነቅሎ ያወጣል። ሚስጥሩ አንዴ ወደ ውጭ ወጥቶ ከሆነ ግን ከማጽዳት በፊት ፓስዎርዱን ወይም ቁልፉን ቀይሩ። የወጣ ነገር ማን እንዳየው አይታወቅም።

ፑሽ አውቶማቲክ እንዲሆን «ፑሽ ሪሞት» የሚለው መስመር ላይ የሪሞቱን (የምትልኩበትን ሪፖ) ስም ስጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ «ኦሪጂን» ነው። ከእያንዳንዱ ኮሚት በኋላ ይልካል።

7. መመለስ

መጀመሪያ ጥፋቱ የት እንደገባ ፈልጉ። አንድ ፋይል ላይ ከሆነ «ቪሲኤስ ሎግ -ፒ» ብላችሁ ሁለት ሰረዝ፣ ቀጥሎም የፋይሉን ስም ስጡ። ፋይሉ ላይ የተደረገ ለውጥ ሁሉ ከነምክንያቱ ይዘረገፋል። ቃሉን የምታውቁት፣ ፋይሉን የማታውቁት ከሆነ ደግሞ «ሎግ -ኤስ» አለ፤ ኤስዋ ትልቋ ናት። ከእሷ አያይዛችሁ የምትፈልጉትን ጽሑፍ ስትሰጡ ያ ጽሑፍ የገባበትንና የወጣበትን ኮሚት ያወጣላችኋል። ይህን ትዕዛዝ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፣ ሥራ የሚያቀል ግን እሱ ነው።

ደህናውን ኮሚት ስታገኙ ፋይሉን ብቻ መልሱ። ከጊት 2.23 ጀምሮ «ሪስቶር» የሚባል ትዕዛዝ አለ፦ «ቪሲኤስ ሪስቶር --ሶርስ»፣ የእኩል ምልክት፣ የኮሚቱ ቁጥር፣ ቀጥሎ የፋይሉ ስም። ጊታችሁ የድሮ ከሆነ «ቼክአውት» ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ጊት ፋይል ሲመልስ አሮጌውን አንስቶ አዲስ ይጽፋል። አዲሱ ፋይል የሩት ይሆናል፤ ፐርሚሽኑም በተለመደው ዩማስክ (የአዲስ ፋይል ፐርሚሽንን በሚወስነው ቅንብር) 644፣ ማለትም ሁሉም የሚያነበው ይሆናል። ፋይሉ «ሞቲዲ» (ሰው ሲገባ የሚታየው መልእክት) ቢሆን ግድ የለም። «ሻዶው» ከሆነ ግን ዴቢያን ላይ 640 የነበረውና ግሩፑ «ሻዶው» የነበረው ፋይል በአንድ ትዕዛዝ ማሽኑ ላይ ላለ ሰው ሁሉ ክፍት ይሆናል። ፕራይቬት ቁልፍ ከሆነም ያው፤ ኤስኤስኤች ደግሞ የተከፈተ ቁልፍ አልጭንም ይላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። «ሱዶ -ኤስ» ብላችሁ የሩት ሼል ክፈቱ። «ዩማስክ 077» በሉ። ፋይሉን መልሱ። ወዲያው «ኢቲሲኪፐር ኢኒት» አስኪዱ። ስሙ አያስደንግጣችሁ፤ ሪፖው አስቀድሞ ካለ ምንም አይደመስስም፣ «.ኢቲሲኪፐር» ውስጥ የተጻፈውን ባለቤትና ፐርሚሽን መልሶ ይተገብራል። በመጨረሻ «ስታት» ብላችሁ በዓይናችሁ እዩ።

ከዚያ ሰርቪሱን ሪሎድ አድርጉ። የመለሳችሁት የሲስተምዲ ዩኒት ከሆነ «ሲስተምሲቲኤል ዴመን-ሪሎድ» ይቅደም። የኤስኤስኤች ኮንፊግ ከሆነ የገባችሁበትን ተርሚናል ሳትዘጉ በሌላ ተርሚናል ገብታችሁ ሞክሩ።

ሦስት ነገር ግን አታድርጉ። «ሪሴት --ሃርድ» ብላችሁ መላውን «/ኢቲሲ» ወደ ባለፈው ወር አትመልሱ። ከዚያ ወዲህ የተጨመሩ ተጠቃሚዎች፣ የተጫኑ ፓኬጆች ኮንፊግ፣ ሁሉም አብሮ ይጠፋል፤ ፕሮግራሞቹ ግን አዲሶቹ እንደሆኑ ይቀራሉ። የፓኬጅ አፕግሬድ የፈጠረውን ኮሚትም ብቻውን «ሪቨርት» አታድርጉ፣ ምክንያቱ አንድ ነው። «ፓስወርድ» (የተጠቃሚዎች ዝርዝር)፣ «ግሩፕ» እና «ሻዶው» ፋይሎችን ደግሞ ነጥላችሁ አትመልሱ። እርስ በርስ የተሳሰሩ ናቸው።

ይህን ሁሉ እሳት ተነስቶ እያለ መማር አይመከርም። ዛሬ «ሞቲዲ» ላይ አንድ ቃል ጨምሩ፣ ኮሚት አድርጉ፣ መልሱት፣ ፐርሚሽኑን እዩ።

8. የሆም ፎልደር

የሼል፣ የኤዲተርና የጊት የራሳችሁ ኮንፊጎች ያሉት ሆም ውስጥ ነው። ለእነዚህ ኢቲሲኪፐር አያስፈልግም። «ጊት ኢኒት --ቤር» ብላችሁ «.ዶትፋይልስ» የሚባል ሪፖ ክፈቱ። ከዚያ «--ጊት-ዲር» ወደዚያ፣ «--ወርክ-ትሪ» ወደ ሆም የሚያመለክት ኤሊያስ (አጭር የትዕዛዝ ስም) ሥሩ። «ስታተስ.ሾውአንትራክድፋይልስ» የሚለውን ኖ አድርጉት፤ ያለዚያ «ስታተስ» ስትሉ የሆም ፎልደራችሁ በሙሉ ይፈስስባችኋል። ከዚያ የምትፈልጉትን ፋይል ብቻ በስሙ «አድ» ታደርጋላችሁ። ፋይሎቹን በሊንክ ማያያዝ የሚመርጥ ሰው ጂኤንዩ ስቶው የተባለው መሣሪያ አለለት። የኤስኤስኤች ፕራይቬት ቁልፍና የባሽ ሂስትሪ እዚህም አይገቡም።

9. ማሽኑ ሲበዛ

ለሁለት ሰርቨር አንድ የ«/ኢቲሲ» ታሪክ አታጋሩ። የማሽኑ መለያ ቁጥር፣ የዲስኮቹ ዩዩአይዲና የኤስኤስኤች ቁልፎቹ የየራሳቸው ናቸው። አንዱ ወደ ሌላው ከተሻገረ ሰርቨሩ ላይነሳ ይችላል። ሪሞቱ አንድ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ለየማሽኑ በስሙ ብራንች (የታሪክ ቅርንጫፍ) ክፈቱ። ያኔ «ይህ ሰርቨር ይሠራል፣ ያኛው ለምን አይሠራም?» ሲባል ሁለቱን ብራንቾች «ዲፍ» ማድረግ ይበቃል።

ማሽኖቹ ከበዙና አንድ ዓይነት መሆን ካለባቸው ኮንፊጉን ብዙ ማሽኖችን ከአንድ ቦታ ወደሚያስተካክለው መሣሪያ፣ ወደ አንሲብል ማዛወር ይሻላል። ፕሌይቡኮቹ (የአንሲብል መመሪያ ፋይሎች) በራሳቸው ሪፖ ይቀመጣሉ፣ ሚስጥሮቹን አንሲብል ቮልት ይመሰጥራቸዋል። ኢቲሲኪፐርን ግን አታንሱት። አንሲብል እንዲሆን የፈለጋችሁትን ይጽፋል፤ ኢቲሲኪፐር ማሽኑ ላይ በእርግጥ የሆነውን ይመዘግባል። አንድ ሰው በሌሊት ገብቶ በእጁ የቀየረውን የምታዩት በሁለተኛው ነው። አገኛችሁት? ወደ ፕሌይቡኩ አስገቡት፣ አለዚያ ቀጣዩ የአንሲብል ዙር ይደመስሰዋል።